አሥራ አምስት እርምጃ ወደ ኋላ

የዛፍ ቆራጮቹን መምህር፣ መዓለም ሃዱን፣ ከወደቀው ዝግባ ሥር ያወጧቸው ሰኞ ረፋድ ላይ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለአትላስ ተራራ ሰዎች ዛፍ ገንድሶ በሕይወት መመለስን ያስተማሩትን ሰውዬ ዛፍ ገደላቸው። መንደሩም «ዋናተኛን ውሃ ይወስደዋል» ብሎ ቀበራቸውና ነገሩን ዘጋ። ያልዘጋችው ልጃቸው ኢቶ ብቻ ናት።

መርማሪ ቱዳ የደረሰችው በሦስተኛው ቀን፣ የሐዘንተኛው ኩስኩስ ገና ሳይነሣ ነበር። ኢቶ እጇን ይዛ ጓዳ አስገባቻት።

«ላላ ቱዳ፣ እመቤቴ፣ አባቴ ተሳስቶ ሞተ ይላሉ። ነገ እኮ አጣሪዎቹ ፊት ሊመሰክር ነበር! ዛፍ ቆራጩ ሚሙን ባለፈው ጸደይ ዛፍ ወድቆበት የሞተው በማን ጥፋት እንደሆነ ሊናገር ነበር። አሁን ‹ራሱን ያላዳነ ስለ ሰው ምን ያውቃል› ብለው የጻፈውን ቃል ይጥሉታል። የሚሙን ሚስትም ባልሽ በገዛ ጥፋቱ ሞተ ተብላ ልትቀር ነው።»

«የማንን ስም ሊጠሩ ነበር?»

«አልነገረኝም። ከሦስት አንዱን ነው። የቆረጣ ፈቃዱን የፈረመው የጫካው ዘበኛ ዛይድ አለ። ሚሙንን የላከው የቆራጮቹ አለቃ ባሱ አለ። ያን ዛፍ በግማሽ ቆርጦ ጥሎት ሸሸ የሚባለው የእንጨት ሌባው ዓቃ ደግሞ አለ።»

«አባትሽ ሲያስተምሩ እንዴት ነበር?»

ኢቶ ወደ ግቢው በጣቷ አመለከተች። «መጀመሪያ መሸሻ ያስጠርጋል። ድንጋዩ ይነሣል፣ ሥሩ ይቆረጣል፤ ከግንዱ አሥራ አምስት እርምጃ ወደ ኋላ። ከዚያ ተማሪውን ዓይኑን አስሮ አሥር ጊዜ የኋሊት ያስኬደዋል። ‹በጭንቅ ቀን ዓይን ይከዳል፣ እግርህ ይወቀው› ነበር የሚለው። እኔንም በስድስት ዓመቴ ግቢያችን ውስጥ አስኬዶኛል!»

ቱዳ ወደ ጫካው ወጣች። ወፍ እንኳ አይሰማም፤ ጉሙ ከዝግባዎቹ መሃል አልነሣ ብሎ ተኝቷል። የሟቹ የሞተር መጋዝ እንደተገኘ ጉቶው አጠገብ ተቀምጧል። የቤንዚኑን ክዳን ከፈተች፤ እስከ አፍ ገደፉ ሙሉ ነው። የመጋዙን ጥርሶች በጣቷ ዳሰሰች፤ ሙጫ የሚባል ነገር የለባቸውም። የዝግባ ሙጫ ደግሞ የያዘውን ቶሎ አይለቅም።

ጭቃው በውርጭ ደርቆ የሽማግሌውን ዳና እንደያዘ ነው። ዳናው በእግረኛው መንገድ ረጋ ብሎ መጥቶ ድንገት ተንጠራራ፤ የሩጫ እርምጃ ሆነ። የሮጠው ግን ከዛፉ አልነበረም፤ ወደ ዛፉ ነበር።

ከጉቶው በስተኋላ፣ በሁለት ድንጋዮች መሃል፣ አዲስ የተጠረገ መሸሻ አገኘች። ቆጠረችው። በአሥራ አምስተኛው እርምጃ ባሉጥ የሚባል አንድ ትልቅ ዛፍ ቆሟል።

ሦስቱን አንድ በአንድ ጠራቻቸው። ዛይድ ገና ሳትጠይቀው ቱግ አለ።

«ኧረ ተይኝ ላላ! ፈርሜያለሁ፣ አልክድም። መጋዝ ግን በዕድሜዬ ይዤ አላውቅም፤ ገና ሲጮህ ጆሮዬን ነው የምደፍነው።» መንደሩም እየሳቀ መሰከረለት።

ዓቃ ስለ መዓለም ትምህርት ስትጠይቀው እንኳን ሊፈራ፣ ቀለደ። «እኔንም አስተምረውኝ ነበር እኮ፤ በሦስተኛው ቀን ‹አንተስ እጅህ አመለኛ ነው› ብለው አባረሩኝ። ደግሞ ሌባ መሸሻ ሲጠርግ ውሎ መቼ ይሰርቃል? የእኔ መሸሻ እግሬ ነው፤ ዘበኛውን ጠይቂው!»

ባሱ ዓይኑ ቀልቷል። «ሙያዬን የሰጡኝ እሳቸው ናቸው፤ አባቴ ነበሩ። ግን እርጅና ክፉ ነው፣ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር።»

«ሰኞ ጠዋት የት ነበርክ?»

«ከተማ። ያን ጉቶ እስከ ዛሬ በዓይኔ አላየሁትም። አንጀቴ አልችል አለ።»

ሐሙስ ማለዳ፣ አጣሪዎቹ ሳይቀመጡ፣ ቱዳ ሦስቱንም ከኢቶ ጋር ጉቶው ዘንድ ሰበሰበቻቸው።

«መዓለም ሃዱ ይህን ዛፍ አልቆረጡም» ብላ ጀመረች። «መጋዛቸው ሙሉ ነው፣ ጥርሱም ንጹሕ። ሌላ ሰው ማለዳ ቆርጦ፣ በሽብልቅ ደግፎ ጠበቃቸው። በታች በኩል ሲያልፉ ሽብልቁን መታው። መጋዛቸውን ኋላ ነው እዚህ አምጥቶ ያስቀመጠው።»

«እሱማ ሌባው ነው!» አለ ዛይድ።

«አፍህን ያዝ፣ አንተ ጆሮ ደፋኝ!» አለ ዓቃ።

«ገዳዩ ሰው ሊገድል መጥቶ እንኳ ትምህርቱን አልረሳም» አለች ቱዳ። «በመጀመሪያ ለራሱ ...»

ከበላያቸው መጥረቢያ ግንድ መታ። «ዛፍ! ዛፍ!» የሚል ጩኸት ጉሙን ሰነጠቀው። ዛይድ ጆሮውን ይዞ ባለበት ተቀመጠ። ዓቃ ቁልቁል ፈረጠጠ። ኢቶ ደርቃ ቀረች። ሲረጋጋ ከላይ የጮኸው ቱዳ ቀድማ ያቆመችው የጀንዳርም ፖሊስ መሆኑ ታየ፤ የወደቀም ዛፍ የለም። ባሱ ግን ከመካከላቸው ጠፍቷል።

ከባሉጡ ኋላ ነበር፤ እያለከለከ።

«መሸሻውን ትናንት ከሰዓት በቅጠል ሸፍኜዋለሁ» አለች ቱዳ በዝግታ። «ለማያውቀው ጫካ ነው። ይህን ጉቶ አይቼ አላውቅም ያልክ ሰው በሁለቱ ድንጋዮች መሃል፣ የኋሊት፣ ሳትደናቀፍ አለፍክ። እግርህ ያውቀዋል፣ ባሱ።»

ባሱ እግሩን ቁልቁል አየ።

«ሚሙንን ሳይሠለጥን ሰደድኩት። ሲሞት ‹መዓለም ሃዱ አስተምረውታል› ብዬ ጻፍኩ። በስማቸው መዋሸቴን ደረሱበት። ዛሬ ቢናገሩ ኖሮ አልቆልኝ ነበር።»

«አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም» አለች ቱዳ። «የመሸሽን ነገር እንደሳቸው የሚያውቅ የለም። ወደ ዛፉ ለምን ሮጡ?»

ባሱ ወደ ጉቶው ዞረ።

«ዛፉ ሲሰነጠቅ ቀና ብለው አዩኝ። እኔ ላይ የዞረ መሰላቸው። ‹ባሱ! ሽሽ ልጄ!› እያሉ ሊያድኑኝ መጡ።»

ኢቶ ቀስ ብላ ሄዳ ከባሱ ፊት ቆመች። ሦስት ቀን ሙሉ አባቴ አልተሳሳተም እያለች ስትሟገት የነበረችው ልጅ አሁን ራሷን ነቀነቀች።

«ለካስ ተሳስቶ ነበር» አለችው። «ልጄ ብሎሃል።»