ገጹ ሲዘጋ የሚሞተው ኮምፒውተር

«ዓይኔ እያየ ነው ያጠፋችው!» አለች የክፍሉ አለቃ።

ቱልቱላ ነገሩ ለሌላ ሰው የተባለ መስሏት ዞር አለች። ከኋላዋ ያለው ግን ግድግዳ ነው። ግድግዳ ደግሞ ፋይል አያጠፋም።

«እኔ?»

«አዎ፣ አንቺ። ስትሰርዢው አይቻለሁ።»

የጂኦግራፊ አስተማሪው ከወንበራቸው ሳይነሱ መነጽራቸውን አወለቁ። በመምህራን ክፍሉ ጥግ ፈተና ሲያርሙ የነበሩት የሒሳብ አስተማሪም እስክሪብቷቸውን አቆሙ። የቡድኑ ሥራ ጠፍቷል። የሰፈሩ ሰው ውሃ እንዴት እንደሚጠቀም ቤት ለቤት እየዞሩ ጠይቀው የሰበሰቡት፣ ዛሬ ሰኞ ታትሞ መቅረብ የነበረበት፣ ከሴሚስተሩ ውጤት ትልቁን ድርሻ የያዘው ጥናት የለም። አለቃ ቅዳሜ በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ጽፋ ጨርሳው ነበር። ዛሬ ጠዋት እሷና ቱልቱላ አብረው ሊያትሙት ሲገቡ፣ ጥናቱን እንደ ርዕሱ ውሃ በልቶታል።

«ቱልቱላ» አሉ አስተማሪው። እሳቸውም የሚጠሯት በዚሁ ስም ነው። «እስቲ አስረጂኝ።»

ስሙን ያወጣላት ክፍሉ ነው፤ ያለምክንያትም አላወጣላትም። ትንሽ ልጅ ሳለች ቤታቸው የውሃ ታንከር ውስጥ አዞ እንደምታሳድግ አውርታ፣ ግማሹ ክፍል ከምሳው እየቆረሰ ለአዞው ይልክ ነበር። አዞው ከሥጋ ይልቅ ብስኩት ይወድ ነበር፤ በተለይ ክሬም ያለውን። አምና ደግሞ አጎቷ አስነጥሶ ሞተሩ የጠፋ አውቶቡስ እንዳስነሳ ተረከች። ያመናት የለም፤ ሰምቶ ሳይጨርስ የሄደም ግን የለም።

አሁን ግን እውነቱን መናገር ፈለገች። ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ቲቸር፣ ጥናቱን ማንም አላጠፋውም። የተጻፈው በሌለ ኮምፒውተር ላይ ነው።»

«በምን?»

«ማለቴ… አለ፤ ግን የለም። ብራውዘሩ ውስጥ የሚሠራ የድሮ ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ኮምፒውተር። ገጹ ሲዘጋ ይሞታል። ሲከፈት እንደ አዲስ ይወለዳል፤ የትናንቱን ምንም አያስታውስም።»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ለራሷም ጆሮ ቀፈፋት። እውነት ሆኖ እንዲህ ውሸት ውሸት የሚሸት ነገር በሕይወቷ ተናግራ አታውቅም።

የሒሳብ አስተማሪው ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። «ይቺስ ከአዞዋ ትበልጣለች!»

«እውነቴን ነው!» ጮኸች ቱልቱላ። ጮኸች እንጂ አልተናገረችም።

«ድምፅሽን ቀንሺ» አሉ የጂኦግራፊ አስተማሪው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ የሰኞ ሰው ናቸው። «ስሚኝ። በስህተት አጠፋሁት በዪኝ። ሰው ይሳሳታል፤ ሁለት ቀን እጨምርላችኋለሁ፣ እዚሁ ያልቃል። ተረት ከመረጥሽ ግን አንቺ ዜሮ ትይዣለሽ፤ ኮምፒውተር ክፍሉንም እርሺው። እስከ ነገ ጠዋት አስቢበት፤ እስከዚያ ግን እዚያ ክፍል እንዳትገቢ።»

ቱልቱላ አለቃን አየቻት። አለቃ ጣሪያውን ታያለች።

ኮምፒውተር ክፍል የሚባለው ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለ ጠባብ ክፍል ነው። ስድስት ኮምፒውተሮች አሉት፤ አራቱ ይሠራሉ፣ አንዱ ሲያሰኘው ይሠራል፣ አንዱ የሌሎቹ ገመድ እንዳይወድቅ ተደግፎ ተቀምጧል። የኮምፒውተር አስተማሪው ለሥልጠና ከሄዱ ወዲህ ቁልፉን የያዙት የቤተ መጻሕፍት ኃላፊዋ ናቸው፤ ተማሪው ሁሉ «እትዬ» ይላቸዋል። እትዬ እጅ የታጠበ መሆኑን ሳያዩ ማንንም አያስገቡም።

ቱልቱላ ያንን ገጽ ያገኘችው ሌላ ነገር ስትፈልግ ነው። ስትጫነው ብራውዘሩ ውስጥ ጥቁር መስኮት ተከፈተ፣ ነጫጭ ፊደሎች ተንጋጉ፣ ከዚያ አንድ ግራጫ የድሮ ኮምፒውተር ከአልጋ እንደሚነሳ ሽማግሌ እያቃሰተ ተነሳ። እናቷ ከማግባቷ በፊት ሰው ይሠራበት የነበረ ዓይነት ነው። የሸሚዝ ቁልፍ የሚያካክሉ ምልክቶች አሉት፤ ፈንጂ የተደበቀበት ጨዋታ፣ መሳያ፣ መጻፊያ፣ ሁሉም ይሠራል። ሽማግሌው በሌላ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ እንዳለ አያውቅም። ራሱን የቻለ ይመስለዋል፤ ሰዓት ሳይቀር ይቆጥራል።

ከሁሉም የወደደችው ግን መግደሉን ነበር። አርብ ዕለት ልጆቹን ሰብስባ «አሁን ይህን ኮምፒውተር ዓይናችሁ እያየ እገድለዋለሁ!» አለች። የሽማግሌውን ዋና ዋና ፋይሎች እየመረጠች ሰረዘቻቸው። መስኮቱ ተርገፈገፈ፣ ጠቆረ፣ ቀጥ አለ። እትዬ «ኡኡ! የሕዝብ ንብረት!» እያሉ መጡ። ቱልቱላ ገጹን ሪፍሬሽ አደረገችው፤ ሟቹ ምንም እንዳልነካው ሰው ተነሳ። እትዬ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። አለቃም ከፊት ሆና አይታለች፤ አጨብጭባለችም።

ቅዳሜ ሊጽፉ ሲቀመጡ የኮምፒውተሩ መጻፊያ ፕሮግራም «የፈቃድዎ ጊዜ አልፏል» ብሎ አሻፈረኝ አለ። አለቃ ልታለቅስ ደረሰች። ያኔ ነው ቱልቱላ ሽማግሌውን የቀሰቀሰችላት። ጥናቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ፊደሉ አላስቸገረም።

«ይኸው፣ የማንንም ፈቃድ የማይጠይቅ መጻፊያ። ግን አደራ፣ ስትጨርሺ ገጹን ሳትዘጊ ሌላ ቦታ ገልብጪው። እዚህ ውስጥ የተቀመጠ ሁሉ ይተናል። አንድ ሰውዬ ሠርጉን እዚህ ውስጥ አስቀምጦ ሚስቱን አጥቷል!»

አለቃ ስለ ሰውዬው ሳቀች። ከሳቀች በኋላ ምክሩንም ከሰውዬው ጋር አብራ ጣለችው። ቱልቱላ እናቷ ለሥራ ስለፈለገቻት ቀድማ ወጣች። አለቃ ጽፋ ጨረሰች፣ «ሴቭ» የሚለውን ተጫነች፤ ሽማግሌው ታዞ አስቀመጠላት። ገጹን ዘጋች። ከዚያ፣ ንጽሕና የምትወድ ልጅ ናትና፣ በእጅ የተጻፉትን ወረቀቶች ቀድዳ የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ከተተቻቸው።

ቱልቱላን ያንገበገባት ይኼ ነው። ወረቀቶቹ እኮ የእሷ ነበሩ! ፀጉር አስተካካዩን የጠየቀችው እሷ፣ ልብስ አጣቢዎቹ ጋ ስትሄድ ውሻ ያባረራት እሷ። መኪና አጣቢው «በቀን ስንት ባልዲ ትጠቀማለህ?» ሲባል «እኔ እንጃ፣ ደስ ያለሽን ጻፊ» ብሏት ነበር። ደስ ያላትን! ይህን ለቱልቱላ ማለት ለድመት ወተት ጠብቂ እንደ ማለት ነው። እሷ ግን ፀሐይ ላይ ቆማ ቆጠረች። አንዲት ባልዲ አልጨመረችም። በሕይወቷ አንዲት ቅንጣት ሳትቀባባ የሠራችው ብቸኛ ነገር ጠፋ፤ አጥፊዋም እሷ ተባለች!

ማታ ልብስ ሰፊዋ እናቷ ቀሚስ ስትዘመዝም ቱልቱላ ከስፌት መኪናው ጎን ቆማ ሁሉንም ነገረቻት። እናቷ እግሯን ከፔዳሉ አነሳች።

«ልጄ፣ ዛሬ ደክሞኛል። እስቲ ቢያንስ የማምነውን ዋሺኝ።»

«እማ! አልዋሸሁም!»

«ስህተት ነው በያቸውና ይለቁሽ። ምን ይጎድልብሻል? ለአዞው ውሸት ያልሳሳሽ፣ ከዜሮ ለመዳን ትሳሻለሽ?»

«ያላደረግኩትን አድርጌያለሁ ልበል?»

«እስከ ዛሬ ያላደረግሽውን አይደል እንዴ ስታወሪ የኖርሽው?»

ይህቺ ገባች። ድሮ ቱልቱላ የሚሰማት ስታጣ ብቻዋን ታወራ ነበር፤ አሁን የሚሰማት ሁሉ ውሸት እየለመናት ቆሟል። አስተማሪው ውሸት ይፈልጋሉ፣ እናቷ ውሸት ትፈልጋለች፣ አለቃማ አንዱን ሠርታ ጨርሳለች። ሲዋሹ ቱልቱላ፣ እውነት ሲናገሩም ቱልቱላ! ታዲያ ሰው መቼ ነው ስሙን የሚያገኘው?

«እኔ አምንሻለሁ» አለ ታናሽ ወንድሟ ከአልጋው ሥር፣ ኳሱን ፈልጎ እየወጣ።

ልቧ ሞቅ አለ። «እውነት?»

«አዎ። አዞው ግን መቼ ነው የሚመለሰው?»

ልቧ መልሶ ቀዘቀዘ።

ጠዋት ደወል ሳይደወል አለቃን ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ጠበቀቻት።

«ነይ አንዴ ግቢ።»

«አንቺ እንዳትገቢ ተብለሻል።»

«አልገባም። አንቺ ነሽ የምትገቢው።»

አለቃ እትዬን አየች፤ እትዬ እጇን አይተው አሳለፏት። ቱልቱላ የኮምፒውተር ክፍሉ ደፍ ላይ ቆመች፤ የጫማዋ ጫፍ መስመሩን አላለፈም። ሁለት እጆቿን ከኋላዋ አቆላለፈች።

«እጄን ታያለሽ? ምንም አልነካም። ገጹን ክፈቺ።»

ሽማግሌው እያቃሰተ ተነሳ።

«መጻፊያውን ክፈቺ። የፈለግሽውን ጻፊ። ስምሽን ጻፊ።»

«ይሄ ምን ሙድ መያዝ ነው?»

«ጻፊ!»

አለቃ ጻፈች።

«ሴቭ አድርጊ። ተቀመጠ? እዪው፣ ፋይሉ አለ አይደል? አሁን ገጹን ዝጊው። መልሰሽ ክፈቺው።»

ነጫጮቹ ፊደሎች ተንጋጉ፣ ግራጫው ተነሳ። አለቃ ፋይሏን ፈለገች። አንዴ ፈለገች። ደግማ ሌላ ቦታ ፈለገች። ከዚያ ወንበሯን ወደ ስክሪኑ አስጠግታ ዳግመኛ ጻፈች፣ ሴቭ አደረገች፣ ዘጋች፣ ከፈተች። ጀርባዋ ብቻ ነው ለቱልቱላ የሚታያት፤ ጀርባዋ ግን እየጎበጠ መጣ።

«ነግረሽኝ ነበር» አለች ሳትዞር።

«ነግሬሽ ነበር።»

«ሚስቱን ካጣው ሰውዬ ጋር ቀላቅለሽ ነዋ! ማን ያምናል?»

«እሺ፣ እሱስ ይሁን። ግን ዓይኔ እያየ አልሽ! መቼ ነው ዓይንሽ ያየው?»

አለቃ ዞረች። ዓይኖቿ ቀልተዋል። «አርብ ስትሰርዢ አይቻለሁ…»

«ጥናቱ የተጻፈው ቅዳሜ ነው!»

«አውቃለሁ! ሲጠይቁኝ ደነገጥኩ። ከዚያ ካልኩት በኋላ… እንዴት ልመልሰው?» አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች፤ ንጽሕና የምትወደው ልጅ! «ስሚ፣ መብራት ተቋርጦ ነው እንበል። ወይ ሌላ ነገር። አንቺ እኮ ትችይበታለሽ። ለሁለታችንም የሚሆን አንድ ነገር ፍጠሪ። አባቴን ታውቂዋለሽ፤ ዋሸሽ ከተባልኩ አለቅነቱም ይቀራል፣ እሱም ከቤት አያስወጣኝም። በናትሽ።»

የተጠራ ይመስል ተረቱ ወዲያው መጣ። አይጥ ነበረች። ዋናውን ገመድ የቆረጠመች፣ ከጣሪያ የወረደች አይጥ፣ ጭራዋ እንደ ክብሪት እሳት የያዘ። እትዬ በመጥረጊያ ያባረሯት። እትዬ ራሳቸው ሲሰሙት «አዎ፣ አስታወስኳት» ይላሉ። ውብ ነበር። አስተማሪውም ያምኑት ነበር፤ ከእውነቱ እጅግ ይሻላል። ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ እግሩን አንጠልጥሎ ተቀመጠ።

ቱልቱላ ዋጠችው። ሲወርድ ጉሮሮዋን ቧጠጣት።

«የለኝም» አለች።

«ምኑ?»

«ዛሬ ተረት የለኝም።»

ወደ መምህራን ክፍሉ ጎን ለጎን ሄዱ። በሩ ጋ ሲደርሱ አለቃ ወደ ኋላ ቀረት አለች፤ እንደ ልማዷ ወሬኛዋ ትቅደም ብላ። ቱልቱላ ግን ከበሩ ፈቀቅ አለችና ግድግዳውን ተደገፈች።

«አንቺ አንኳኪ።»

«ምን ብዬ?»

«እኔ ያልኩሽን እንዳትነግሪያቸው። ዓይንሽ ያየውን ንገሪያቸው።»

አለቃ እጇን አነሳች፣ አወረደች፣ እንደገና አነሳች። ከውስጥ የአስተማሪው ሳል ይሰማል። ቱልቱላ አንዲት ቃል ላለማቀበል ከንፈሯን ነከሰች። ዝም ማለት እንዲህ ከባድ መሆኑን ማታ ለታናሽ ወንድሟ ብትነግረው፣ እሱ እንኳ አያምናትም።