የአያ ቸሩ ጨርቅ

ይርዳው የሞተው ጥያቄ እየመለሰ ነው። ሬሳው የተገኘው ገንዳ ውሃ ከተማ፣ የሰሊጥና የማሽላ መጋዘን ውስጥ፣ በጆንያ ክምር በተከለለች ጠባብ ክፍል፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ነው። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ ክራባት አስሯል። ስልኩ ፊት ለፊቱ በጣሳ ተደግፎ ቆሟል። ዶሮ እንኳ አፏን ከፍታ በምትውልበት በዚያ ቃጠሎ መስኮቱ ተዘግቷል፤ ማራገቢያውም ጠፍቷል።

«እብድ ነበር እንዴ?» አለ አንዱ ፖሊስ።

«ድምፅ እየቀዳ ነበር። ማራገቢያው ይንጫጫል» አለች ኢንስፔክተር አሰበች። አሰበች አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንላትም፤ ሰው እያናገረች ትንጎራደዳለች። ባልደረቦቿ «በእግሯ ነው የምታስበው» እያሉ ያሟታል። ይሟት! ከእሷ ያመለጠ ነፍሰ ገዳይ ግን እኔ አላውቅም።

የገደለው ነገር ወዲያው ታወቀ። ከጆንያዎቹ ሥር የነቀዝ መድኃኒት ተቀምጧል፤ ትነቱ በተዘጋ ቤት ውስጥ ሰው ይፈጃል። ለዚህ ነው በቆላው አገር መድኃኒት ያኖረ ሰው በሩ ላይ ቀይ ጨርቅ የሚያስረው። ጨርቁን ያየ ሕፃንም ቢሆን አይገባም። በዚያ ጠዋት ግን በሩ ባዶ ነበር። መድኃኒቱን ያኖሩት የመጋዘኑ ጠባቂ አያ ቸሩ ታሰሩ፤ አገሩም «አለቀ፣ ቸልተኝነት ነው» አለ።

አሰበች ግን አላለቀላትም። መጀመሪያ መቅዲን አነጋገረች። መቅዲ የባለመጋዘኑ ልጅ ናት፤ አዲስ አበባ የቴክኖሎጂ ድርጅት ውስጥ ትሠራለች። ለእረፍት መጥታ ይርዳውንና ጓደኛውን ምንይችልን ለሥራ ቃለ መጠይቅ ታለማምዳቸው ነበር። ሁለቱም የተጠሩት ለአንድ የፕሮዳክት ማናጀር ቦታ ነው።

«ምንድን ነው የምታለማምጂያቸው?»

«የስልክ መተግበሪያ ሥራ የሚመራ ሰው ሲፈልጉ ትምህርቱን ብቻ አይጠይቁትም፤ ጠባዩን ይፈትኑታል። ‹ከሰው የተጋጨህበትን፣ የወደቅህበትን ጊዜ ንገረን› ይሉታል። የት ነበርህ፣ ምን ገጠመህ፣ ምን አደረግህ፣ ምን ተገኘ፤ በቅደም ተከተል ነው የሚነገር።»

«እውነቱን መናገሩን በምን ያውቃሉ?»

«በዝርዝሩ። ‹ያያችሁትን እስከ ቀለሙ ንገሩ› እላቸው ነበር።» መቅዲ አቀረቀረች። «አንድ ነገር ልንገርዎት። ሁለቱም ይዘውት የመጡት ታሪክ አንድ ነው። ገበሬ በስልኩ ትራክተር የሚጠራበትን መተግበሪያ አብደራፊ ከተማ ላይ እንዴት እንደሠሩ። ሁለቱም ‹የኔ ነው› ይላሉ፤ የሚፈትኗቸው ደግሞ ያው ሰዎች ናቸው።»

«በሩ ላይስ ጨርቅ አይተሻል?»

«ቀይ ጨርቅ አላየሁም። ኧረ ባይ ኖሮ በጩኸት አገር አቀልጥ ነበር!»

ምንይችል ቦርሳውን እንዳነገተ መናኸሪያው በር ላይ ተገኘ። ጉልበቱ ያለማቋረጥ ይዘላል፤ ዓይኑ ከጎንደሩ አውቶቡስ አይነቀልም። «ፈተናዬ ደርሷል፤ ልሂድበት» አላት።

«ትሄዳለህ። ጓደኛህ የሞተበትን ጠዋት ብቻ ንገረኝ።»

ይህን ሲሰማ ጉልበቱ ቀጥ አለ፤ ድምፁም ተስተካከለ። «ለልምምድ ቀጠሮ ነበረን። ቀድሜ መጋዘኑ ደረስሁ፤ ይርዳው ገና አልመጣም። መግባት ይቻል እንደሆነ በሩን አየሁት፤ ምንም ምልክት የለበትም። ቢኖርማ ቢጫ ጨርቅ ከአስፋልቱ ማዶ ይታያል። እፎይ ብዬ ሻይ ልጠጣ ሄድሁ፤ ስመለስ ሰው ተሰብስቧል። አያ ቸሩን መውቀስ ይከብደኛል፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው።»

አሰበች መንጎራደዷን አቆመች። «አቤት፣ አነጋገር ታውቅበታለህ!» አለችው።

አያ ቸሩ ፖሊስ ጣቢያ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሚስታቸው እትዬ ባየሽ ያመጡት ምሳ አልተነካም።

«አያ ቸሩ፣ ጨርቁን አስረዋል?»

«አስሬ ነበር... መሰለኝ። ማታ ሠራተኛው ሁሉ ከሄደ በኋላ ነው፤ ቀዩ በስብሶ ቢቀደድብኝ ከቤት ያገኘሁትን ነው ያሰርሁ። ግን ሰው ሁሉ ‹አልነበረም› ሲለኝ እኔም ራሴን ማመን አቃተኝ። አርጅቻለሁ ልጄ። ይርዳውን አባቱ ከሞተ ወዲህ እኔ ነኝ ያሳደግሁት፤ በገዛ እጄ ገድዬው ይሆን? ላልቅስለት እንኳ እፈራለሁ። ገዳይ እንዴት ብሎ ያለቅሳል?»

«አንተ ሰው፣ አስረሃል ስልህ!» አሉ እትዬ ባየሽ፤ እንባቸውን በሻሻቸው ጫፍ እየጠረጉ። አሰበች የሻሹን ጠርዝ ልብ ብላ አየችው። አንድ ወገኑ ተቀድዷል።

በማግስቱ ጠዋት አያ ቸሩንም በእጅ ብረት አስመጥታ ሁሉንም መጋዘኑ በር ላይ ሰበሰበቻቸው። ጉዞው የታገደበት ምንይችል ቦርሳውን ከትከሻው አላወረደም።

«ይርዳው ሲለማመድ መስኮት ይዘጋል፣ ማራገቢያ ያጠፋል» ብላ ጀመረች። «ይህን የሚያውቁ የልምምድ ጓደኞቹ ናቸው። እሱን ለመግደል መርዝ መግዛት አያስፈልግም፤ አንድ ቋጠሮ መፍታት ይበቃል።»

«ጨርቅ አልነበረም አልኩዎት እኮ!» አለ ምንይችል።

«ብለኸኛል። መቅዲም ‹ቀይ ጨርቅ አላየሁም› አለችኝ። ማንም ሰው እንደዚያ ነው የሚለው፤ እዚህ የነቀዝ ጨርቅ ቀይ ነው። አንተ ብቻ ቢጫ አልኸኝ። እትዬ ባየሽ፣ ሻሽዎን ያሳዩን።»

እትዬ ባየሽ የተቀደደውን ሻሽ ከራሳቸው አወረዱ። ቢጫ ነው።

«አያ ቸሩ ከዚህ ነው ቀደው ያሰሩት። በሩ ባዶ ከነበረ ቀለሙን ማን ነገረህ?»

«ሰው... ሰው ሲያወራ ሰምቼ ነው።»

«ከማን? አያ ቸሩ ራሳቸው ማሰራቸውን ተጠራጥረዋል።»

«ከኔ አልሰማህም!» ብለው ጮኹ እትዬ ባየሽ።

ቦርሳው ተፈተሸ። ቢጫው ቁራጭ ለፈተናው ከተተኮሰው ሱሪ ኪስ ውስጥ ወጣ። በመኸር ጊዜ ገንዳ ውሃ ሰው የማያይበት ጥግ የላትም፤ መጣያ አጥቶ ይዞት ዞሯል። ምንይችል እዚያው አፈር ላይ ዘጭ አለ።

«ታሪኩ የሱ ነው» አለ። «እሱ ተናግሮ ከወጣ በኋላ እኔ ብገባ ምን እላለሁ? የኔ የምለው ታሪክ የለኝም።»

«አሁን አለህ» አለችው አሰበች።

ከዚያ የእጅ ብረቱ ከአያ ቸሩ ላይ ተፈታ። አሰበች ጨርቁን ሰጠቻቸው። አገላብጠው አዩት፤ ቋጠሮው ያጨማደደውን ቦታ በጣታቸው ዳሰሱት።

«አስሬ ነበር፣ ባየሽ» አሉ።

«ስልህ!»

አያ ቸሩ ጨርቁን ፊታቸው ላይ አድርገው ለይርዳው አለቀሱ።