ቆይ ወይስ ኮቱ

እኔ የማምነው በብረት ነው። ብረት ሲመጣ ይታያል፣ ሲነካህ ያማል፣ ሲሄድም የወሰደውን ይዞ ይሄዳል፣ የእኔን ግራ እግር ከጉልበቱ በታች ይዞ እንደሄደው ማለት ነው። ጋኔን ነው፣ ቆሌ ነው፣ ሰው በሌለበት ድምፅ ተሰማ የሚሉትን ነገር ግን የሥራ ፈት ወሬ ነው ስል የኖርኩ ሰው ነኝ፣ አምቦ ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመስክር፣ እንዲህ ያለ ወሬ የጀመረን ሰው አፍህን ዝጋ ብዬ የማሳፍር ነበርኩ። ስለዚህ አሁን የምነግርህን ሌላ ሰው ቢነግረኝ እስቅበት ነበር። አንተም ሳቅ፣ አልቀየምህም፣ ብቻ እስከ መጨረሻው ስማኝ።

ደበላ እባላለሁ። ከጉደር ወጣ ብላ ካለች መንደር ተነስቼ ባቡር ሥራ የገባሁት ጢሜ ሳይወጣ ነው፣ በእኛ አገር ሀዲድ የለም፣ እንጀራ ግን ወደ ምሥራቅ ጎተተኝ። ሥራዬ ፉርጎ ማያያዝ ነበር፣ ባቡሩ ወደ ኋላ እየገፋ ሲመጣ በሁለት ፉርጎ መካከል ገብተህ መንጠቆውን ታጋጥማለህ፣ አንተ እዚያ መሃል ሆነህ ምንም አታይም፣ የሚያይልህ አለቃው ነው፣ ግባ ሲልህ ትገባለህ፣ ቁም ሲልህ ትቆማለህ፣ ነፍስህ ያለችው በእሱ አፍ ላይ ነው።

አለቃዬ አቶ መንገሻ ይባል ነበር። ድሬዳዋ ያደገ ስለሆነ አማርኛና ኦሮምኛ እያደባለቀ ነው የሚናገረው፣ ለእኔ ሲሆን ደግሞ ኦሮምኛውን ያበዛዋል። አንድ ልማድ ነበረው፣ ሰው ከመጥራቱ በፊት በመዶሻው ሀዲዱን ይመታል፣ ሁለቴ ፈጠን፣ አንዴ ዘግየት፣ ኳኳ... ኳ፣ ከዚያ በአፍንጫው በኩል በሚወጣ ቀጭን ድምፅ ትእዛዙን ይወረውራል። ያን ድምፅ ከሺህ ሰው መሃል ለይቼ አውቀዋለሁ።

እግሬን ያጣሁ ቀን ኳኳ... ኳ አለና "ኮቱ!" አለኝ። ኮቱ በኦሮምኛ ና ማለት ነው። ገባሁ። ፉርጎው ገና እየመጣ ነበር። ከዚህ በላይ አልተርክልህም።

አቶ መንገሻ ሲጠየቅ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ኮቱ አላልኩም፣ ቆይ ነው ያልኩት።" አየህ ነገሩን? ቆይና ኮቱ፣ በዚያ ሁሉ የብረት ጩኸት ውስጥ የቃሉ ራስ ብቻ ነው የሚደርስህ፣ ጅራቱን ብረት ይበላዋል። መሥሪያ ቤቱ እሱን አመነ፣ አንድ ወረቀት ሰጥቶ አሰናበተኝ፣ እኔ ማንበብ አልችልም፣ ወረቀቱ የካሳ መስሎኝ ተቀብዬ ሳምኩት። ሳምኩት ነው የምልህ። በኋላ መሠረተ ትምህርት መጥቶ፣ ጢሜ ሸብቶ ከጎረምሶች ጋር ሀ ሁ ቆጥሬ ሳበቃ መጀመሪያ አውጥቼ ያነበብኩት ያንኑ ወረቀት ነው፣ "ትእዛዝ ጥሶ በራሱ ጥፋት የተጎዳ ስለሆነ ካሳ አይገባውም" ይላል። ለካ የሳምኩት የገዛ ስድቤን ነው።

ከዚያ በኋላ አላረፍኩም፣ ሕጉን እየተንተባተብኩም ቢሆን ራሴ አነበብኩት። ሠራተኛ በሥራ ላይ ከተጎዳ አሠሪው ይክሰዋል፣ ለዘለቄታው አካሉ ከጎደለም ዕድሜ ልኩን ይጦራል፣ የማያገኘው ሆን ብሎ ትእዛዝ የጣሰ ነው። እንግዲህ የእኔ ዕድሜ ልክ በአንድ ቃል ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው፣ ኮቱ ከሆነ እጦራለሁ፣ ቆይ ከሆነ ያኔ እንጀራዬ እንደነበረው የሰው ሽንኩርት ጭነት እየጠበቅሁ እሞታለሁ። አቤት ስል ከርሜ በመጨረሻ ጉዳዩ እኔ ባለሁበት ከተማ ይሰማ ተባለ፣ ለሰኞ መጥሪያ ደረሰኝ፣ መጥሪያው አምቦን አሁንም በድሮ ስሟ ሀገረ ሕይወት ይላታል፣ አቶ መንገሻም መጥቶ ቃሉን እንዲሰጥ ታዟል ይላል።

ከሰኞ በፊት ባለው ቅዳሜ ጉደር ነበርኩ። ያኔ የምሠራው ከስልጤ መጥቶ አምቦ ሱቅ ከከፈተ ጀማል ከሚባል ነጋዴ ጋር ነው፣ ያረጀ የጭነት መኪና ነበረችው፣ እሱ ይነዳል፣ እኔ ጭነት እጠብቃለሁ። ቀትር ላይ ከገበያው በላይ ካለው ቁልቁለት ላይ ቆመን ሽንኩርት እየጫንን ሳለ፣ እመነኝ፣ ኳኳ... ኳ የሚል ድምፅ ሰማሁ። የጉደር ወንዝ ሞልቶ ስለነበር ፏፏቴው ከሩቅ ይጓራል፣ በጉርምርምታው ውስጥ ነው የሰማሁት፣ ብረት በብረት ሲመታ።

"አዴ ጫልቱ፣ ቀጥቃጩ ቅዳሜም ይሠራል እንዴ?" አልኳት ሽንኩርቱን የምትሸጥልንን ሴት።

"የቱ ቀጥቃጭ? ያውና ጠላ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጧል፣ ከጠዋት ጀምሮ ከጣሳ በቀር ያነሳው ነገር የለም" አለችኝና ሳቀች።

ትንሽ ቆይቶ ደገመ፣ አሁን ቀረብ ብሎ። ጆሮዬ ነው አልኩ፣ የሰኞ ነገር አእምሮዬን ይዞታል አልኩ፣ ሰው ራሱን የሚያታልልበትን ሁሉ አልኩ።

ጀማል መኪናዋን ጥቂት ወደ ኋላ ሊያስጠጋ ተነሳ፣ ከጎማው በታች ድንጋይ የሚያስገባለት ሰው ይፈልጋል፣ ታኮ የምንለውን።

"ኦቦ ደበላ፣ ታኮውን ሌላ ሰው ያስገባው፣ አንተ ተቀመጥ" አለኝ በመስኮት።

"እጄ አልተቆረጠም! ንዳ!" አልኩት። አካለ ጎደሎ ሲያደርጉኝ ደሜ ይፈላል።

ምርኩዜን በብብቴ ይዤ፣ ድንጋዩን በአንድ እጄ አቅፌ ከኋላ ዞርኩ። መኪናዋ እያቃሰተች ወደ እኔ መጣች። አንድ እርምጃ ነበር የቀረኝ፣ ጎንበስ ልል ስል ኳኳ... ኳ፣ ከጆሮዬ ሥር፣ ከዚያ ያ በአፍንጫ የሚወጣ ቀጭን ድምፅ አንዲት ቃል ወረወረብኝ። የአቶ መንገሻ ድምፅ። ያችው ቃል። ጅራቷን ሞተሩ በላት። እግሬ፣ የቀረችኝ አንዷ እግሬ፣ እኔን ሳታማክር ደርቃ ቀረች።

ያን ጊዜ ፍሬኑ ተበጠሰ። መኪናዋ እኔ ልቆምበት በነበረው ቦታ ላይ ተንሸራታ ከድንጋይ አጥሩ ጋር ተላተመች፣ በመሃል የነበረው የሽንኩርት ጆንያ እንደ እርጎ ፈሰሰ።

ጀማል ከመኪናዋ ዘሎ ወረደ። "አልሐምዱሊላህ! ማነው እሱ ቆይ ያለህ? አላህ ዕድሜ ይስጠው!"

"ቆይ?" አለች ጫልቱ፣ "ቆይ የት አለ? ኮቱ ነው ያለው። እኔን የጠራኝ መስሎኝ ዞሬያለሁ እኮ!"

"ቆይ ነው ያለው ሴትዮ፣ መሪ ይዤ በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ!"

"አንተ ሆዬ፣ ጆሮህ ሂሳብ እንጂ ሰው አይሰማም። ኮቱ ነው!"

"ኮቱ ቢለውማ ገብቶ ይሞት አልነበር?"

ሁለቱ ሲጨቃጨቁ እኔ ዙሪያውን አየሁ፣ ከአጥሩ ወዲያ የጤፍ ማሳ ነው፣ ከማሳው ወዲያ ወንዙ፣ ሰው የለም። ሁለቱም ወደ እኔ ዞረው "አንተስ ምን ሰማህ?" አሉኝ። ለዓመታት ኮቱ ነው እያልኩ የጮኽኩ ሰውዬ፣ ጎንበስ ብዬ የተረፈውን ሽንኩርት መልቀም ጀመርኩ።

ሰኞ አውራጃው ጽሕፈት ቤት ነገሩን የሚሰሙ ሦስት ሰዎች ተሰይመዋል፣ የባቡሩ ነገረ ፈጅ ክራባቱን አስሮ ተቀምጧል፣ ከዚያ አቶ መንገሻ ሴት ልጁን ተደግፎ ገባ። አንገቱ በሻሽ ተጠቅልሏል፣ ከስቶ ከስቶ ልብሱ ብቻ የሚሄድ ይመስላል። ልጅቷ አስካለ ትባላለች፣ "ጓድ ሊቀመንበር፣ አባቴ ጉሮሮውን ታሞ ድምፁ ከጠፋ ዓመት ሊሞላው ነው፣ መናገር አይችልም" አለች።

ሊቀመንበሩ ከጓደኞቹ ጋር ሲንሾካሾክ ጠጋ አልኳትና "ልጄ፣ ቅዳሜ የት ነበራችሁ?" ብዬ ጠየቅኋት።

"አዋሽ፣ ቤታችን። ምነው አባባ?"

"ምንም። እሱ ምን ያደርግ ነበር?"

አባቷን አየት አደረገችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ተኝቶ ነበር። ቀትር ላይ ባንኖ ተነሳና የአልጋውን ብረት በቀለበቱ መታ መታ አድርጎ አፉን በኃይል ከፈተ፣ ሰው የሚጣራ ይመስል። ድምፅ ግን አልወጣውም። ማንን እንደሚጠራ እንጃ።"

ሊቀመንበሩ ወረቀትና ብዕር አስጠጋለት። "በዚያን ቀን ለሠራተኛው ምን እንዳሉት ይጻፉ።"

አቶ መንገሻ ብዕሩን ያዘ፣ አልጻፈም፣ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። የጥላቻ አስተያየት አልነበረም፣ ከዚያ ቀን በፊት እንዲህ አይቶኝ አያውቅም። ብዕሩን ገልብጦ ጠረጴዛውን መታ፣ ኳኳ... ኳ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አንዲት ቃል ጻፈ፣ ሊቀመንበሩ አነሳና ጮክ ብሎ አነበባት።

"ጠርቼዋለሁ።"

ነገረ ፈጁ ብድግ አለ። "ይህ አያስረዳም! ሰው ቆይ ተብሎም ይጠራል!"

ሊቀመንበሩ ብዙ የተማረ ሰው አልነበረም፣ መነጽሩን አወለቀና "ጓድ፣ በእኔ አማርኛ የተጠራ ሰው ይመጣል" አለው። በዚች ቃል ተፈረደልኝ። ካሳዬንም ጡረታዬንም አገኘሁ፣ በስንት ምልልስ፣ ግን አገኘሁ።

ቅዳሜ የሆነውን ለምን አልተናገርክም ትለኝ ይሆናል። ምን ብዬ? የድምፅ ምስክር አለኝ፣ ድምፁም ባለቤቱ ዘንድ የለም ብዬ? አንዱ ሰሚ ቆይ፣ አንዷ ሰሚ ኮቱ ብላለች ብዬ? ሕጉን አንብቤዋለሁ፣ ለዚህ አንቀጽ የለውም። አቶ መንገሻንም ሲወጣ በር ላይ ጠብቄ "በል አሁን ንገረኝ፣ የቱ ነበር?" አልኩት። አፉን ወደ ጆሮዬ አስጠግቶ ቃሉን አለኝ። ትንፋሽ ብቻ ነው የደረሰኝ፣ ሙቅ ትንፋሽ፣ የቃሉ ራስም ጅራትም አልነበረውም።

አሁንም አንዳንድ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አስፋልቱን ልሻገር ስል፣ ከአልጋዬ ልነሳ ስል፣ ኳኳ... ኳ ይላል። የያዝኩትን ይዤ ደርቄ እቆማለሁ፣ የሚያየኝ ሰው እግሩን አሞት ነው ይላል። ቃሉን እየጠበቅሁ ነው። ከጉደሯ ቅዳሜ ወዲህ መዶሻው እንጂ ቃሉ አልመጣም፣ በመጣም ቀን ልግባ ወይስ ልቁም አላውቅም።