ሁለተኛው ጉድጓድ

አዲሱ ዩኒቨርሲቲ ከድሬ ዳዋ ወጣ ብሎ፣ ወደ ሁርሶ በሚወስደው መንገድ ዳር ሲከፈት አጥርና አራት ሕንፃ እንጂ ውሃ አልነበረውም። ቤተ መጻሕፍቱም አንድ የብረት ኮንቴነር ነበር። ሙኒያ የዚያ ኮንቴነር ኃላፊም፣ መዝጋቢም፣ ጠራጊም ሆና ተቀጠረች።

ዲሪር በሁለተኛው ሳምንት በሩ ላይ ቆመ። የጂኦሎጂ መምህር ነው፤ ጅግጅጋ ተወልዶ አዲስ አበባ የተማረ፣ ቀጭን፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ።

«ስለ ከርሰ ምድር ውሃ መጽሐፍ አለሽ?»

ሙኒያ በእርዳታ የመጡትን ካርቶኖች ዞር ብላ አየች። «ወላሂ፣ ያለኝ የጥርስ ሕክምና ብቻ ነው። አርባ ካርቶን።»

«እዚህ የጥርስ ሕክምና የሚማር አለ እንዴ?»

«አንድም የለም።»

ትንሽ አሰበ። «በይ አንዱን ስጪኝ። የኔም ሥራ መቦርቦር ነው።»

ሳቀች። ሐሙስ መጽሐፉን ሲመልስ እውነትም አንብቦት ነበር፤ ስለ መንጋጋ ሲያስረዳት ሌላ ተጠቃሚ መግባቱን ስሟን እስኪጠራት ድረስ አላስተዋለችም። ወር ሳይሞላ፣ ሐሙስ ሐሙስ ሻሿን ደጋግማ እንደምታስተካክል ራሷን ታዘበች።

አባቷ ሀጂ አብዲራህማን ቀፊራ ገበያ እህል ይነግዳሉ። ያንን ግቢ አይወዱትም።

«ልጄ፣ ያ ሜዳ ሰው አያቆይም። ዘንድሮ ስንት አስተማሪ ጥሎ ሄደ?»

«ሰባት።»

«አየሽ!»

በግንቦት ውሃ የሚያመላልሰው ቦቴ ተበላሸና ተማሪዎቹ ሦስት ቀን ሳይታጠቡ ሰነበቱ። ወዲያው ከትምህርት ሚኒስቴር ደብዳቤ መጣ፤ እስከ መስከረም ውሃ ካልተገኘ ተማሪዎቹ ወደ ሌላ ከተማ ይዛወራሉ፣ ግቢውም ይዘጋል። ዲሪር ቦታ መርጦ ጉድጓድ አስቆፈረ። መቶ ሃያ ሜትር ተወረደ። የወጣው አቧራ ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሐሙስ አለፈ፤ ወደ ኮንቴነሩ ብቅ አላለም። አዲስ አበባ ሥራ ማግኘቱን ሙኒያ የሰማችው ከጥበቃው ከሙስአብ ነው።

ቢሮው ድረስ ሄደች። ካርታዎቹን እየጠቀለለ አገኘችው።

«ለሙስአብ የሚነገር ለእኔ አይነገርም?»

ዲሪር ካርታውን መጠቅለሉን ቀጠለ። ቀና ብሎም አላያትም።

«አፍሬ ነው» አለ በመጨረሻ። «ውሃ አለ ብዬ ለዚያ ሁሉ ሰው ተስፋ ሰጠሁ። ግቢው ቢዘጋ አንቺም ከሥራሽ ትወጫለሽ።»

«ስለ ሥራዬ ማን ጠየቀህ? እኔ የመጣሁት ስላንተ ነው!»

ቃሉ ካመለጣት በኋላ ፊቷ ጋለ። ዲሪር ያን ጊዜ አያት። ቀስ ብሎ ካርታውን መልሶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«የቁፋሮው ማሽን እስከ ሐምሌ መጨረሻ እዚህ ይቆያል። አንድ ጊዜ ብቻ መሞከር እንችላለን። ግን ሦስት ቦታ አለ፤ የትኛው እንደሆነ አላውቅም።»

«ያንን ሜዳ የሚያውቅ ሰው አለኝ» አለች ሙኒያ። «ቁጡ ነው እንጂ።»

በማግስቱ በባጃጅ ቀፊራ ወሰደችው። ሀጂ ከማሽላ ጆንያዎቹ መካከል ሆነው ከእግር እስከ ራሱ ቃኙት።

«ስምንተኛው አንተ ነህ?»

«ሀጂ፣ ገና አልሄድኩም።»

ሀጂ ካርታ አያነቡም። መንገዱ የቱ እንደሆነ፣ ኮረብታው የቱ እንደሆነ ጠየቁና ጣታቸውን በደረቁ ወንዝ መታጠፊያ ላይ አሳረፉ። «በወጣትነቴ ግመል ይዤ የማልፈው እዚህ ነበር። በድርቅ እንኳ አሸዋውን በእጃችን ስንምስ ይረጥብ ነበር። እናንተ ኮረብታው ሥር ቆፈራችሁ ሲሉኝ ስቄያለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከንም፣ አባ?» አለች ሙኒያ።

«ማን ጠየቀኝ?»

ማሽኑ በሐምሌ ወንዙ ዳር ቆመ። ሀጂም ሱቃቸውን ዘግተው፣ ወንበርና ጃንጥላ ይዘው በየቀኑ መጡ። በአምስተኛው ቀን ከቀትር በፊት መጀመሪያ ጭቃ፣ ከዚያ ውሃ ወጣ። ለፈተና የቀሩት ተማሪዎች ልብሳቸውን እንደለበሱ ዘለው ገቡበት። ዲሪር ግን በዚያ ጩኸት መሃል ሙኒያን ይፈልግ ነበር። ሲያገኛት ፊቱ በጭቃ ተለውሷል።

«የትም አልሄድም» አላት።

«አውቃለሁ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ሙስአብ።»

በመስከረም ሽማግሌዎች ከጅግጅጋ መጡ። ሀጂ አብዲራህማን ረጅሙን ንግግር እስከ መጨረሻው አዳመጡና ዲሪርን አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት።

«የት ልትኖሩ ነው?»

«ግቢው ውስጥ ለመምህራን ቤት እየተሠራ ነው። ሁለት ክፍል ደርሶኛል።»

ሀጂ ጺማቸውን ዳሰሱ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከመጋረጃው ጀርባ ሙኒያ ጆሮዋን አስጠጋች።

«ተለስኖ ሳያልቅ አሳየኝ» አሉ ሀጂ። «መስኮቱን ነፋስ በሚመጣበት በኩል ካላደረጋችሁት ልጄ በሙቀት ታልቃለች።»

በማግስቱ ግንበኞቹን ሲቆጡ ዋሉ፤ መስኮቱም ወደ ሰሜን ዞረ። ሙኒያና ዲሪር በዚያ ቤት አራተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲገባ ሁለቱም የያዙትን ትተው፣ መስኮቱ ሥር ጎን ለጎን ይቀመጣሉ።