ከኋላችን የነበረው መብራት

እሑድ፣ መስከረም 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ40።

ሰዓቱን አልረሳውም። ወደ ጫካው ስንገባ የመኪናውን ሰዓት ያየሁት እኔ ነኝ። ይህን ታሪክ ሰው አውርቶልኝ አይደለም የምጽፍላችሁ... ነበርኩበት። ማመን አለማመን የናንተ ነው። እኔ ግን በማግስቱ ወንድሜን ቀብሬአለሁ።

ነፃነት እባላለሁ። ቤታችን ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው። ሕሩይ ታናሼ ነው። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር።

አንድ ቦታ መቀመጥ የማይችል ልጅ ነበር። ያን ሰሞን ደግሞ ባሰበት። ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ ወሰን ሰፈር፣ ጓደኛው ዓለም ጋራዥ ነው የሚሄደው። ሁለቱ ጉዞ እያቀዱ ነበር። ጥቅምት ላይ አሥራ አንድ መኪና ይዘው የእንጦጦን የጫካ መንገድ ወጥተው ማዶ ሊወርዱ።

ሕሩይ መንገዱን ትልቅ ካርቶን ላይ ስሎታል። መታጠፊያውን፣ ጉድጓዱን፣ ገደሉን... ሁሉንም። ከሥሩ ደንቦቹን ጻፈ። አንዱን ሁለቴ አስምሮበታል።

"ከኋላህ ያለውን መኪና መብራት ሳታይ እንዳትሄድ።"

ጫካው ውስጥ ኔትወርክ የለም። የኋላው ከጠፋ የፊተኛው ይቆማል። በቃ።

ያን እሑድ የወጣነው መንገዱን አስቀድመን ለማየት ነው። ዓለም በፒክአፑ ከፊት፣ ሕሩይ በአሮጌዋ ቪታራው ብቻውን ከኋላ።

"አንቺ ዓለም ጋ ግቢ" አለኝ። "ሥራሽ ወደ ኋላ ማየት ነው። ካየሽኝ 'አለ' በይው። ካጣሽኝ 'ቁም' በይው። ይሄ ያቅትሻል?"

"አንተን ከመጠበቅ ሌላ ምን ሥራ ኖሮኝ ያውቃል?"

"እንግዲያው ልምድ አለሽ!"

እየሳቀ ሄደ።

ጉሙ ከባድ ነበር። ከመንገዱ ዳር ካሉት ባሕር ዛፎች ግንዳቸው ብቻ ይታያል። ወደ ላይ ምንም የለም። እኔ ወንበሬ ላይ ተጠማዝዤ በኋላው መስታወት አያለሁ።

"አለ?" ይላል ዓለም።

"አለ።"

ሕሩይ ዝም ብሎ አይከተልም። በየመታጠፊያው ረጅም መብራቱን ሁለቴ ብልጭ ያደርግልኛል። እኔ እጄን በመስኮት አውጥቼ አወዛውዛለሁ። እንደ ልጅነታችን...

1 ሰዓት ከ5 ላይ ብልጭ አደረገ። እጄን አወዛወዝኩ።

ከዚያ አንድ ትልቅ ቋጥኝ ዞርን። መብራቱ ጠፋ።

"ቁም!" አልኩ።

ዓለም ፍሬን ያዘ። ጠበቅን። አንድ ደቂቃ ይሆናል። ሁለትም ይሆናል።

ሁለት መብራቶች ከጉሙ ውስጥ ቀስ ብለው ወጡ።

"ይኸው መጣ" አለ ዓለም። "ምን ዓይነት ፈሪ ነሽ ባክሽ? ዛሬ ገና ሁለት መኪና ነን። አሥራ አንድ ስንሆን ምን ልትሆኚ ነው?"

አፈርኩ። "አለ" አልኩት። ሄድን።

እጄን በመስኮት አውጥቼ አወዛወዝኩ።

ብልጭ አላለም።

አላየኝ ይሆናል አልኩ። ደግሜ አወዛወዝኩ... ምንም።

ትንሽ ሄደን ትልቅ ጉድጓድ ውስጥ ገባን። ፒክአፑ ተናጠና ጭንቅላቴ ጣሪያውን መታው። ሕሩይም ሲናጥ አይቼ ልስቅበት ዞሬ ጠበቅኩ።

መብራቶቹ ጉድጓዱ ጋ ደረሱ።

አለፉት።

አልተናጡም። ወደ ታች አላሉም፣ ወደ ላይ አላሉም። በዚያ ሁሉ ጭቃና ድንጋይ ላይ ቀጥ ብለው መጡ።

ለዓለም ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ደግሞ ፈሪ ሊለኝ ነው ብዬ ዘጋሁት።

"አለ?"

"...አለ።"

መንገዱ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። በሁለቱ መብራቶች መሃል ያለው ርቀት የጠበበ መሰለኝ። ዓይኔን ጠረግሁ። እንደገና አየሁ። የቪታራዋ መብራቶች እንዲህ አይቀራረቡም።

"አለ?"

"አለ" አልኩ። ድምፄ አልወጣም።

"እ?"

"አለ አልኩህ እኮ!"

ዓለም ዞር ብሎ አየኝ። "ምን ሆነሻል?"

"ሞተሩን አጥፋው እስቲ።"

"ለምን?"

"ዝም ብለህ አጥፋው።"

አጠፋው።

ከቅጠሉ ላይ የሚንጠባጠብ ውሃ ተሰማ። ሌላ ምንም። መብራቶቹም ቆሙ፤ ከእኛ ሠላሳ እርምጃ ቢርቁ ነው።

የቪታራዋ የጭስ ማውጫ የተቀደደ ነው። ሕሩይ ሲመጣ ገና ከመንደሩ መግቢያ ትሰማለች። እናታችን በዚያ ድምፅ ነው ራቱን የምታቀርብለት። አሁን ግን የለም።

"እኛ ስንቆም አጥፍቶ ይሆናላ" አለ ዓለም። ድምፁን ግን ቀንሷል።

"ሕሩይ!" ብዬ ጮህኩ።

እጄን በመስኮት አወዛወዝኩ።

"ሕሩይ! አትቀልድ!"

ዓለም በሩን ሊከፍት እጁን ሰደደ። ያን ጊዜ ከጎናችን ቅጠሉ ተንኮሻኮሸ። አንዲት ትልቅ ሴት ከዛፎቹ መሃል ወጡ። ነጠላቸው በጭቃ ርሷል፤ ትንፋሻቸው ተቆራርጧል። ኋላ ስማቸው ዳርቱ እንደሆነ አወቅን። ቤታቸው ከገደሉ በታች ነው።

ዓለም መስኮቱን ዝቅ አደረገ። "እንደምን አደሩ እማማ። ከኋላችን ያለውን ልጅ አይተውታል?"

"ከኋላችሁ ማን አለ?"

"ያው መኪናው..."

"መኪናውማ ወደቀ፣ ልጄ! ሲወድቅ ሰምቼ ነው በአቋራጭ የሮጥኩት። ጓደኛችሁን ጥላችሁ ወዴት ነው የምትሄዱት?"

እኔ በጣቴ ወደ መብራቶቹ አሳየኋቸው።

እማማ ዳርቱ ዞረው አዩ። ረጅም ጊዜ አላዩም። አማተቡና እጄን በመስኮቱ በኩል ጨብጠው ያዙኝ።

"በመንገዱ አትመለሱ" አሉ በሹክሹክታ። "በዚህ በኩል ኑ። ቶሎ።"

"እማማ፣ ምንድን ነው እሱ?"

"አላውቅም። ኑ ብያችኋለሁ።"

ቁልቁል ሮጥን። ወደቅኩ፤ ተነሳሁ፤ ጫማዬ አንዱ ቀረ። አንድ ጊዜ ዞሬ አየሁ። መብራቶቹ አልተከተሉንም። ሰው የሌለበት ፒክአፕ ላይ እያበሩ ቆመው ቀሩ።

ቪታራዋ ከገደሉ ሥር በጎኗ ተኝታ ነበር። ሞተሯ አሁንም ይሠራል። የቀደመን ሰው በሩን ገንጥሎ ሕሩይን ሣሩ ላይ አስተኝቶታል፤ የእማማ ዳርቱ ባል ናቸው፣ ነገሳ የሚባሉ። ኮፍያቸውን አውልቀው ይዘዋል።

እጁን ያዝኩት። ገና ሙቅ ነበር።

"አሁን ነው" አሉኝ ጋሽ ነገሳ። "አሁን፣ እናንተ ከመድረሳችሁ በፊት። ነፃነት፣ ነፃነት ሲል ነበር። አንቺ ነሽ?"

እኔ ነኝ አልኩ።

ሐኪሙም ያንኑ ነው የነገረን። ሲወድቅ አልሞተም። ሃያ ደቂቃ ያህል በሕይወት ነበር። በእነዚያ ሃያ ደቂቃዎች ውስጥ እኔ ከላይ፣ መኪና ውስጥ ተቀምጬ "አለ" እያልኩ ነበር።

ጎረቤቶቻቸው በቃሬዛ ተሸክመውት ወደ አስፋልቱ ወጣን። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነው። ሦስት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ኔትወርክ ያለበት ደረስን።

የእኔ ስልክ ጮኸ።

ስልኩ ኔትወርክ ሲያገኝ ገና አሁን የላከው፣ የሕሩይ የድምፅ መልእክት ነው። የቀዳው 1 ሰዓት ከ7 ላይ ነው። እኛ ቋጥኙ ጋ ቆመን ስንጠብቀው በነበረበት ደቂቃ።

ከፈትኩት። የቪታራዋ ጩኸት ቀደመ። ከዚያ የእሱ ድምፅ...

"ነፂ፣ ኧረ ቀስ በሉ። ከኋላ መብራታችሁ በቀር ምንም አይታየኝም... ዓለም ምን ነክቶታል? ወደ ግራ ነው እንዴ የታጠፈው? ፕላኑ ላይ ግራ የለም እኮ..."

ሳቅ ያለ መሰለኝ።

"እሺ እሺ፣ አየኋችሁ። መጣሁ።"

እዚያ ላይ ያበቃል።

እኛ ወደ ግራ አልታጠፍንም። በግራ በኩል መንገድ የለም።

ከሰዓት በኋላ ትራፊክ ፖሊሶች መጥተው ቦታውን ለኩ። ዓለም አብሯቸው ነበር። ከመንገዱ ወደ ግራ ወጥቶ እስከ ገደሉ አፍ ድረስ ጭቃው ላይ የሁለት መኪና ጎማ ዱካ አገኙ፤ አንዱ የቪታራዋ ነው፤ አንዱ ከእሷ ፊት የሄደ። ፎቶ አነሱት። በማግስቱ ሕሩይን ስንቀብር በክሬን የወጣው መኪና አንድ ነው። ከገደሉ ሥር ሌላ መኪና አልነበረም።