በካላንደር ወረቀት የተሸፈነው መጽሐፍ

ባለፈው ሳምንት ሐሙስ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከአሥር ላይ፣ ሆሳዕና ውስጥ ባለ አንድ ቤተ መጻሕፍት በር ላይ የቆመው መቆጣጠሪያ ጮኸ፣ የገባ ሰው ግን አልነበረም።

እኔ ዕድሜዬን ዜና ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ መንፈስ አየሁ ብሎ የመጣውን ሁሉ «ስንት ሰዓት ላይ? ማን አብሮህ ነበር?» እያልኩ ስመልስ የከረምኩ፣ ስለዚህ እመኑኝ፣ ይህን የምጽፈው ወድጄ አይደለም። የሄድኩት ተጠቃሚዎች በአዲሱ የመጽሐፍ መከታተያ ረክተው እንደሆነ ለመጠየቅ ነበር። በየመጽሐፉና በየአባሉ ካርድ ላይ ቺፕ አለ፣ በሩ ማን ምን ይዞ እንዳለፈ አንብቦ ኮምፒውተር ላይ ይመዘግባል። እኔም ልሞክረው ብዬ በስሜ ካርድ አወጣሁና ኪሴ ከተትኩ። አንድ ተማሪ «አሪፍ ነው ጋሼ፣ ከእንግዲህ መጽሐፍ አይጠፋም፣ የሚጠፋው ሰው ብቻ ነው» ብሎ አሳቀኝ።

የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ምሕረት ግን አልሳቀችም። በማግስቱ ቆጠራ ነበር፣ አንድ መጽሐፍ የት እንደገባ አታውቅም፣ ኮንትራቷ የሚታደሰው ደግሞ ምንም ካልጎደለ ብቻ ነው። መጽሐፉን የወሰዱት ጡረተኛው መምህር ጋሽ ላምቤቦ ናቸው፣ ከወር በፊት አርፈው ጊምቢቹ ተቀብረዋል።

ይህን እየነገረችኝ ነው በሩ የጮኸው። ኮምፒውተሩን አየችና «ተመስገን! የጋሽ ላምቤቦ መጽሐፍ ገባ!» ብላ ብድግ አለች። ዞረን ስናይ በሩ ላይ ዝናብ ብቻ ነው ያለው።

በእጅ የሚያዘውን መፈለጊያ አነሳች፣ ወደ መጽሐፉ በቀረበ ቁጥር ቶሎ ቶሎ ጢጥ ጢጥ የሚል ነው። መስኮቱ ሥር ባለ ባዶ ወንበር ላይ ሲደርስ ሳያቋርጥ ጮኸ።

«የሳቸው ቦታ ነው» አለች፣ ድምጿ ተቀየረ።

ሁላችንም እንድንሰማ አድርጋ ልጃቸው ጋ ደወለች። «መጽሐፉን ማን ነው ያመጣው፣ የኔ እህት?»

«የለም አልኩሽ እኮ ምሕረትዬ፣ ቤቱን ገልብጠን ፈልገናል።»

«ሽፋኑ ምን ዓይነት ነበር?» አልኩ እኔ።

«የካላንደር ወረቀት» አለች ምሕረት፣ «የራሳቸውንም የሰውንም እንደዚያ ነው የሚሸፍኑት።»

በስልኩ ውስጥ መሳቢያ ሲከፈት ሰማን።

«የአባዬ መጽሐፍ ቅዱስ እዚህ ነው ያለው» አለች ልጅቷ፣ «ታዲያ ደረቱ ላይ አድርገን የቀበርነው ምንድን ነው?»

የመፈለጊያው ድምፅ እየሳሳ መጣ፣ ምሕረት ግን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ተቀብያት ዙሪያውን አዞርኩት፣ ጩኸቱ ከወንበሩ ተነሥቶ በመደርደሪያዎቹ መካከል መጣ፣ ካርዴ ያለበት ኪሴ አጠገብ ሲደርስ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ወደ በሩ ሄደ። በሩ ጮኸ።

በማግስቱ ኮሚቴው መዝገቡን አይቶ የጎደለ የለም ብሎ ፈረመ፣ የምሕረትም ኮንትራት ታደሰ። መዝገቡን ራሴ አይቼዋለሁ። የገባበት ሰዓት 10:10፣ የወጣበት 10:31፣ የተዋሰው ሰው ስም የእኔ ስም፣ የመመለሻ ቀን የፊታችን ሐሙስ።