ንቧን ማን ወሰዳት?

ንቧ የለችም።

ሰው ሁሉ ሽቦ የሚለው ጊታር መቺ ዓይኑን አላመነም። ተንበረከከና በእጁ ዳበሰ። ጣውላው ላይ የተደረደሩት ፔዳሎች ስድስት ነበሩ፤ አሁን አምስት ናቸው። የሦስተኛዋ ቦታ ባዶ ነው።

«ወይኔ ጉዴ!» ብሎ ጮኸ።

ለማያውቅ ሰው ንቧ አንዲት ግራጫ የቆርቆሮ ሳጥን ናት። የጊታሩ ድምፅ በአንድ ገመድ ይገባባታል፣ በሌላው ይወጣል፤ በእግር ሲረግጧት ድምፁን ትለውጠዋለች። እንዲህ ያለ ፔዳል በየሱቁ ሞልቷል። ችግሩ፣ ሽቦ በየሱቁ የሞላ ነገር አይወድም። ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ግማሹን ዕድሜውን የፈጀው ማንም ስማቸውን ሰምቶ የማያውቃቸውን ፔዳሎች ሲያድን ነው። ንቧን ያገኛት አሮጌ ዕቃ መሸጫ ውስጥ፣ ከተበላሹ የልብስ ካውያዎች ሥር ነው። ማን እንደሠራት አይታወቅም፤ ስምም ቁጥርም የላትም። ድምፅዋ ግን፣ አቤት! ጣሳ ውስጥ ገብታ የተቆጣች ንብ ነው የምትመስለው።

ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቀረጻ አለ። በሕይወቱ የመጀመሪያው የራሱ ሙዚቃ ነው። ስቱዲዮው የተገኘው ለአንድ ቀን ብቻ ሲሆን፣ ሙዚቃው ከጫፍ እስከ ጫፍ የተሠራው በንቧ ድምፅ ላይ ነው። እሷ ከሌለች ቀረጻ የለም።

ለታላቅ እኅቱ ደወለ። እኅቱ የፖሊስ ኢንስፔክተር ናት።

«እትዬ፣ ተሰረቅሁ!»

«ምን ተሰረቅህ?»

«ንቧን!»

«ደሞ ንብ ማርባት ጀመርክ?»

የዕረፍት ቀኗ ነበር። እየተነጫነጨች መጣች። ልምምድ ቤቱን ዞራ አየች። በሩ አልተሰበረም። መስኮቱ ከውስጥ እንደተቆለፈ ነው።

«ቁልፍ ያለው ማነው?»

«እኔ፣ ከበሮ መቺው፣ ከዚያ ድምፅ የሚያስተካክሉልን ጋሼ።»

«የምትጠረጥረው አለ?»

«የሙዚቃ ዕቃ ሻጩን! ትናንት ከሰዓት እዚሁ መጥቶ ሲያያት ምራቁ ሊንጠባጠብ ነበር።»

«ቁልፍ አለው?»

«የለውም።»

«ታዲያ በበሩ ቀዳዳ ነው የገባው?» አለችና ለማንኛውም ወደ ሱቁ ሄደች።

ሻጩ ክብ መነጽር ያደረገ፣ ቀልጣፋ ሰው ነው።

«ትናንት ከልምምድ ቤቱ ወጥተህ የት ሄድክ?»

«ከባለቤቴ ጋር ጥርስ ሐኪም ዘንድ። ይጠይቋት። ለነገሩ ዛሬ መናገር አትችልም።»

«ፔዳሏን ትፈልጋት ነበር?»

«እንዴታ! ግን ኢንስፔክተር፣ እኔ ብሰርቅ እሷን አልሰርቅም።» ግራ ቀኝ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አጠገቧ ያለችው አረንጓዴዋ ከእሷ አሥር እጥፍ ብርቅ ናት። ወንድምዎ አያውቅም። እባክዎ አይንገሩት።»

ኢንስፔክተሯ ሳቋን ዋጠችና ወጣች። የሚያውቅ ሌባ አረንጓዴዋን ይወስድ ነበር። ስለዚህ የተፈለገችው ንቧ ራሷ ናት።

ከበሮ መቺውን ቤቱ ደጃፍ ላይ አገኘችው።

«ወንድሜ እንደነገረኝ፣ ንቧን "በመስኮት እወረውራታለሁ" ብለሃል?»

«ብያለሁ። አንዴ አይደለም፣ መቶ ጊዜ። ጆሮዬን ጨርሳዋለች።»

«ወረወርካት?»

«እኔ?» ፊቱ ተለዋወጠ። «ሃያ ዓመት ሙሉ በሰው ሠርግ ስደበድብ ኖርኩ። ነገ ለመጀመሪያ ጊዜ የእኔም ስም ሊወጣ ነው። ልጆቼን ንገሩ ብያቸው ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል። እንዴት አድርጌ ነው የምወረውራት?»

ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። አመነችው።

ወደ ልምምድ ቤቱ ተመለሰችና ወንድሟን «እስቲ ጊታሩን ምታው» አለችው።

«በምን ይሠራል? የፔዳሎቹ ሰንሰለት መሃሉ ላይ ተቆርጧል እኮ።»

«ምታው አልኩህ!»

መታው። ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ። ሽቦ አላምን ብሎ ደግሞ መታው።

ኢንስፔክተሯ በጣቷ አሳየችው። ሁለተኛዋና አራተኛዋ ፔዳል በአንዲት አጭር ገመድ ተገናኝተዋል። ለንቧ ኤሌክትሪክ የሚያመጣው ገመድ ጫፉ በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልሏል፤ ብረት ነክቶ ሌሎቹን እንዳያቃጥል።

«ሌባ ነቅሎ ነው የሚሮጠው» አለች። «ይኼኛው የቀሩት እንዲሠሩልህ ተጨንቆ ነው የሄደው። የተፈታ ገመድ ጥሎ መሄድ የማይሆንለት ሰው ማነው?»

ሽቦ መልሱን ወዲያው አወቀው፤ መናገሩ ነው የከበደው።

«ጋሼ» አለ በመጨረሻ።

ጋሼ ስድሳ ሦስት ዓመታቸው ነው። ሽቦን ገመድ መሰካት ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ወንድምና እኅት ቤታቸው ሲደርሱ፣ ገና በሩን ሳያንኳኩ ጋሼ ከፈቱላቸው። ንቧ ጠረጴዛው ላይ ሆዷን ተከፍታ ተኝታለች።

«ልሰርቅህ አልነበረም» አሉ ሽቦን ሳያዩት። «ከሥሯ የሚሰማው ጉምጉምታ አንገበገበኝ። ለቀረጻ እንዲህ ሆና አትቅረብ ብዬ፣ ማታ አክሜ ጠዋት ሳትደርስ ቦታዋ ልመልሳት ነበር። ካፓሲተር የምትባለው ኤሌክትሪክ የምትይዝ ትንሽ ዕቃ አርጅታ ነበርና በአዲስ ቀየርኳት። ጉምጉምታው ጠፋ።»

«እና?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ንቧም አብራ ጠፋች።»

ሽቦ ጊታር አንሥቶ ሞከራት። ንጹሕ ነው። ደረቅ ነው። ማንም ሱቅ የሚሸጠው ድምፅ ነው።

«ለምን አልደወሉለትም?» አለች እኅቱ።

«ምን ልበለው? ገደልኩልህ ልበለው?» ንቧን በጣታቸው ነካ አደረጓት። «ሠላሳ ዓመት ጩኸት ሳጸዳ ኖሬያለሁ። ትናንት ይቺን ጸድታ ስሰማት ደነገጥኩ። እስከ ዛሬ ከስንቱ ሰው ሥራ ላይ ሕይወቱን ጠርጌ ጥያለሁ?»

ሽቦ ተናድዶ ነበር የመጣው። ንዴቱ የት እንደገባ አላወቀውም። አጠገባቸው ቁጭ አለ።

«የድሮዋ ካፓሲተር የት ናት?» አለች ኢንስፔክተሯ።

ጋሼ የነቀሉትን ዕቃ አይጥሉም፤ አንድ ጣሳ ውስጥ ያከማቻሉ። ሌሊቱን በድንጋጤ ሲፈልጓት ጣሳው ተገልብጦ ሁሉም ተደባልቋል። መልካቸው አንድ ነው።

«ስንት ናቸው?»

«መቶ ይሆናሉ።»

«በሉ እንጀምራ» አለች ጃኬቷን እያወለቀች።

ጋሼ አንድ በአንድ ያያይዛሉ፣ ሽቦ ይመታል። አይደለችም። ትነሣለች፣ ሌላ ትመጣለች። አይደለችም። ሽቦ መሳቅ ጀመረ፣ ጋሼም ቀስ በቀስ ፈገግ አሉ። እንዲህ ተቀምጠው ከሠሩ ስንት ጊዜያቸው! ሰባ ሦስተኛዋ ላይ ሁለቱ ተከራከሩ። ሰማንያ አንደኛዋ ላይ ግን ኢንስፔክተሯ ከወንበሯ ዘልላ ተነሣች።

«ይቺ ናት!»

ሽቦ ዞሮ አያት። ዕድሜዋን ሙሉ የእሱን ሙዚቃ ጩኸት ስትል የኖረች እኅቱ ናት።

«እትዬ፣ አንቺ በምን አወቅሽ?»

«ጸጉሬን አቆመችው!»

ጋሼ በየዱና ክዳኑን ገጠሙ። «እሺ ኢንስፔክተር፣ ወንጀሌ ምን ተብሎ ይመዘገባል?»

«ያለ ባለቤት ፈቃድ ማከም» አለች። «ቅጣቱም ነገ ከእኛ ጋር ስቱዲዮ መግባት ነው።»

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉም ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ከበሮው ገባ። ሽቦ ንቧን ረገጣት። ከመስታወቱ ወዲህ የስቱዲዮው ድምፅ ቀራጭ ፊቷን ቋጠር አድርጋ ወደ ጋሼ ዞረች።

«ጋሼ፣ ከጊታሩ ሥር የሆነ ጉምጉምታ አለ። ላጥፋው?»

ጋሼ እጃቸውን ዘርግተው የእሷን እጅ ከቁልፉ ላይ ቀስ ብለው አነሡት።

«ኧረ ተይው ልጄ» አሉ። «ሙዚቃው እሱ ነው።»